አንኮበርና አዲስ አበባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ሆና ብዙ ዘመን ኖራለች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት የዚያች ከተማ ጌታ ሳሉ ነው። ከታጁራ ተነሥቶ በረሓውን በግመል ያቋረጠው ዕቃ ከአንኮበር ሥር በዓልዩ አምባ ገበያ ይራገፍና ዳገቱን በአህያና በሰው ሸክም ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ ነጋዴውም ደላላውም ጫኙም እንጀራቸውን ያገኙ የነበረው ከዚያው ዳገት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ኑሮ ያደረቀው ጦርነት አይደለም። አስቀድሞ ዐፄ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ፤ ኋላም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ ሲገባ የግመሉ መንገድ ተረሳ። ሰውም ሥራውን ተከትሎ ሄደ።

የትንሽ ከተማ ሰው ቢታመም ጎረቤቱ ሳይጠራ ይመጣል፤ ቢያጠፋም ወሬው በማግስቱ ገበያ ይውላል። (ወጣቱን ከሚያሰድዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ሁለተኛው መሆኑን ሽማግሌዎቻችን መስማት አይወዱም።) በአዲስ አበባ ግን ከየአገሩ የመጣው ሰው ቀባሪ ዘመድ በአጠገቡ ስላልነበረው በየሠፈሩ ዕድር አቋቋመ፤ ስሙን በመዝገብ አስጻፈ፥ በየወሩ አዋጣ፥ ከቀብር የቀረውንም መቀጮ አስከፈለ። ይህን የፍቅር መጉደል ምልክት የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። የአንኮበር ሰው የሚቀብረው የሚያውቀውን ነበር፤ የዕድር አባል ግን የትውልድ አገሩን እንኳ ላልጠየቀው ጎረቤቱ ድንኳን ሊተክል አስቀድሞ ፈርሟል።