ቤቶች!

ኑ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማጫውታችሁ ስለ መርካቶ ነው። ሸቀጡን ተዉት፤ ከሱቆቹ ጀርባ በየጠባቡ ቅያስ ስላሉት የተዘጉ በሮች ነው የማወራው።

አንዲት ልጅ አስቡ። ዕድሜዋ 13። ስሟን አልነግራችሁም፤ የብዙ ልጆች ታሪክ ነውና። አገር ቤት ሳለች «አዲስ አበባ እየሠራሽ ትማሪያለሽ» ተባለች። አንዲት ፌስታል አንጠልጥላ አውቶቡስ ተራ ወረደች፤ ደላላ ተቀብሎ ቤት አስገባት። ከዚያ ወዲያ ትምህርት የሚለውን ቃል ያነሣላት የለም። ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፣ ከሁሉ ኋላ ትተኛለች። ደጅ የምትወጣው ሱቅና ወፍጮ ቤት ስትላክ ነው፤ ያኔም «ቶሎ ተመለሽ!» ይከተላታል። ብትታመም ማን ጋ ትሂድ? ቢመቷት ለማን ትንገር?

ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር። ቀበሌውም ቅርብ ነበር። የወጣቶች ማእከልም አለ፤ እዚያ የሚሰበሰቡት ግን በአብዛኛው ጎረምሶችና ተማሪዎች ናቸው። ደግሞስ መኖሩን ማን ነግሯት?

እንግዲህ በ1990ዎቹ ማገባደጃ ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ መርካቶ አካባቢ «ብሩህ ተስፋ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ልጆቹ እስኪመጡ አልጠበቀም። ከዚያው ሰፈር ሴቶችን መልምሎ፣ አሠልጥኖ መካሪ አደረጋቸው፤ ቤት ለቤት ዞረው ከትምህርት ገበታ የቀሩትን ልጃገረዶች እንዲመዘግቡ ላካቸው።

አሁን መካሪዋን በዓይነ ሕሊናችሁ ተከተሏት። ቆርቆሮውን በር ታንኳኳለች።

«ቤቶች!»

እመቤቲቱ በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ ይላሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ። እዚህ ታች የምኖር ጎረቤትዎ ነኝ። ልጅቷን ከሰዓት ለጥቂት ጊዜ ቢልኩልኝ ፊደል ትቆጥር ነበር።»

«ሥራውን ማን ሊሠራልኝ ነው፣ ልጄ? ደግሞ ዓይኗ ከተገለጠ ጥላኝ ትሄድ የለ?»

«የምሳውን ዕቃ አጣጥባ ትምጣ፤ ለራቱ ትደርሳለች። እኔው ወስጄ እኔው እመልሳታለሁ።»

ዝም አሉ። ከኋላቸው፣ ማጀቱ ደጃፍ ላይ፣ ልጅቷ እጇ ሊጥ እንደያዘ ቆማለች። ትንፋሿን ውጣለች።

«እስቲ ለአንድ ሳምንት እንየው።»

በቃ፣ በሩ ተከፈተ። ሁሉም በር እንዲህ በአንድ ቀን አይከፈትም፤ ተመላልሶ ማንኳኳት ይጠይቃል።

በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እኩዮቿን አገኘች። ፊደልና ሂሳብ ተማሩ፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ጥቃት ሲደርስባቸው ወዴት እንደሚኬድ ተነገራቸው። ጤና ተቋም የሚታከሙበት ኩፖንም ተሰጣቸው። ከሁሉ በላይ ግን «ዛሬ ለምን ቀረሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አገኙ።

ፕሮግራሙ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ሌሎችም ከተሞች ዘልቆ ከ60,000 በላይ ልጃገረዶችን ደርሷል። ነገሩ ግን አላለቀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ውስጥ ሥራን ግን ለሌላ ደንብ ትቶታል። ሕጉ እንኳ በሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል ማለት ነው። ያንን ደፍ የሚሻገረው ሰው ነው፤ የሰፈር ሰው።

እናንተ የምትሰሙኝ ሆይ፣ ጎረቤታችሁ ቤት እንዲህ ያለች ልጅ ካለች ስሟን ጠይቁ፤ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ አሳዩአት፤ ማታ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ጠቁሟት። ልጅቷ ያለችው በእናንተው ማጀት ከሆነ ደግሞ ማንም እስኪያንኳኳ አትጠብቁ። በሩን ከውስጥ ክፈቱላት።