ናይትሮ የሪሞት መኪናን ወደ ብራሽለስ ኤሌክትሪክ መቀየር

ናይትሮ የሪሞት መኪና በሜታኖል፣ በናይትሮሜቴንና በዘይት ቅልቅል በሚሠራ ባለ ሁለት ምት ትንሽ ሞተር የሚነዳ ሞዴል መኪና ነው። ወደ ብራሽለስ ኤሌክትሪክ ተቀየረ የሚባለው ሻሲው፣ ሞላው፣ ጎማውና ዲፈረንሻሉ ባሉበት ሆነው፣ ሞተሩ ከነነዳጅ ማጠራቀሚያውና ከነማርሚታው ወጥቶ ካርቦን በሌለው ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ ሞተርና በሊቲየም ባትሪ ሲተካ ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጡት ሞንስተር ትራክ የሚባሉት፣ ጎማቸው ትልቅ፣ አካላቸው የፒክአፕ መልክ ያለው ሞዴሎች ናቸው። ትራክሳስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ቲ-ማክስ የተሰኘውን ናይትሮ ትራክ ለገበያ አቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ ኢ-ማክስ የሚባል የኤሌክትሪክ ወንድሙን አወጣለት። የኤች.ፒ.አይ. ሳቬጅም በናይትሮ ጀምሮ በኋላ ሳቬጅ ፍለክስ በሚል ስም ብራሽለስ ሆኗል። ግለሰቦች በቤታቸው የሚሠሩትን ቅያሪ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሠርተውታል ማለት ነው። በሌላው ዓለም ቅያሪው የሚመሰገነው በአብዛኛው በፍጥነቱ ነው። ለደቡብ አዲስ አበባ፣ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ግን ከፍጥነት የሚበልጥ ምክንያት አለ፤ እሱም አየሩ ነው።

ከጎፋና ከሳሪስ እስከ ጀሞና ለቡ ያሉት የክፍለ ከተማው ሰፈሮች ከባሕር ወለል በላይ በግምት ከ2,200 እስከ 2,300 ሜትር ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። የናይትሮ ሞተር ተርቦ የለውም፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ይዘቱ የተወሰነ ነውና አየሩ ሲሳሳ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ጣጣው በዚህ አያበቃም። ካርቡሬተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ለአየሩ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ይንቀረፈፋል፣ ካንዴላው ይርሳል። ባለቤቱ የነዳጅ መርፌውን ሲያጠብቅ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚለሰልሰው ከነዳጁ ጋር በተቀላቀለው ዘይት ስለሆነ፣ ነዳጅ በተቀነሰ ቁጥር ዘይትም ይቀነሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጠዋቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ ቀትር ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ በሚደርስበት ከተማ፣ ጠዋት የተስተካከለ መርፌ ከሰዓት በኋላ እንደገና መነካት ይኖርበታል።

በእርግጥ ለዚህ የናይትሮ ወዳጆች መልስ አላቸው። አንድ ግራም ሜታኖል ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 6.5 ግራም ያህል አየር ሲፈልግ፣ አንድ ግራም ናይትሮሜቴን 1.7 ግራም ይበቃዋል፤ ከራሱ ጋር ኦክስጅን ይዞ ይመጣልና። ስለዚህ በነዳጁ ውስጥ የናይትሮሜቴኑን ድርሻ ከፍ ማድረግ ከፍታው የወሰደውን ጉልበት በከፊል ይመልሳል። መልሱ በኬሚስትሪ ትክክል ነው። አቅርቦቱ ላይ ግን ይሰናከላል። ናይትሮሜቴን ፈንጂ ለመሥራት ሊውል ስለሚችል ብዙ አገሮች ሽያጩን ይቆጣጠራሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ16 በመቶ በላይ ናይትሮሜቴን ያለበት ነዳጅ ለግለሰብ ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ አድርጓል። የሞዴል ነዳጅ ተቀጣጣይ ፈሳሽ በመሆኑ በመንገደኛ ሻንጣም ሆነ በእጅ ቦርሳ በአውሮፕላን አይጫንም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሊያመጣው የማይችለው ነገር ላይ የተመሠረተ መዝናኛ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ባትሪው ግን ይመጣል። የአየር መንገዶች ደንብ እስከ 100 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ ለአንድ ትራክ የሚበቃው ባለ አራት ሴል፣ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ደግሞ የሚይዘው 74 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ ስድስት ሴሉ 111 ዋት-ሰዓት ስለሚሆን የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባትሪ ሲመረጥ ይህ ልዩነት ከፍጥነት በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ኤሌክትሪክ ከፍታን እንደማይፈራ የሚያሳየው ትልቁ ማስረጃ በክፍለ ከተማው ውስጥ በየቀኑ ያልፋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር በንፋስ ስልክና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይደርሳል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መንገደኞች የሚሳፈሩበት የፉሪ ለቡ ጣቢያም እዚሁ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ 752 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር በ25,000 ቮልት ይሠራል፤ ባቡሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የሞተሩ ጉልበት አየሩ ስለሳሳ አይቀንስም፤ ኦክስጅን አያቃጥልምና። የዲዝል ሞተርም ቢሆን ተርቦ ተገጥሞለት ጉዳቱን ሊቀንስ ይችላል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ሦስት ሲሲ ለሆነ የሞዴል ሞተር ግን እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም። ለትንሽ መኪና የከፍታ ዋጋ ከትልቁ የከበደ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በማራገፍ ነው። ሞተሩ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ማርሚታው፣ በገመድ ተስቦ የሚያስነሣው ማስጀመሪያ፣ ፍሪሲዮኑና ነዳጅ የሚሰጠው ሰርቮ ይወጣሉ። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮና የሪሞቱ መቀበያ ይቀራሉ፤ ለእነሱ ኃይል ይሰጥ የነበረው አነስተኛ ባትሪ ግን አያስፈልግም፣ አዲሱ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ከዋናው ባትሪ 6 ቮልት ያህል ቀንሶ ይሰጣቸዋል። ሞተሩ የሚያርፍበትን ማቀፊያ ከአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጦና በስቶ መሥራት ለማንኛውም ቶርኖ ቤት ቀላል ነው፤ ብቸኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የብሎኖቹ ቀዳዳ ሞላላ እንዲሆን ነው፣ ፒኞኑ (በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሽ ማርሽ) ከትልቁ ማርሽ ጋር ያለው ክፍተት የሚስተካከለው በዚያ ነውና። ባለ ሁለት ፍጥነት ካምቢዮ ካለ ወደ አንድ ፍጥነት ይታሰራል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይል ስለሚሰጥ ማርሽ መለዋወጥ አይሻም። ፍሬኑም ወደ ኋላ መሄዱም በመቆጣጠሪያው ይከናወናሉ። የወጣው ብረትና ነዳጅ የሚመዝነው አዲሱ ሞተርና ባትሪ ከሚመዝኑት ያነሰ ስለሆነ መኪናው ጥቂት መቶ ግራም ይከብዳል። ባትሪው ከሞተሩ ተቃራኒ ጎን ካልተቀመጠም በየኩርባው ወደ አንድ ወገን ይጥላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሞተር ሲመርጡ ነው። የብራሽለስ ሞተር መለያ ኬቪ የሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ ጭነት ሳይኖርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። ቁጥሩ የጉልበት መለኪያ አይደለም፤ እንዲያውም በአንድ መጠን ከሚገኙ ሞተሮች መካከል ኬቪው ከፍ ያለው በአንድ አምፒር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ያንሳል። 2,200 ኬቪ ሞተር በ14.8 ቮልት ባትሪ በደቂቃ 32,560 ዙር ይሰጣል። ይህ የናይትሮ ሞተር ከሚደርስበት ከፍተኛ ዙር ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ስለዚህ ነባሮቹ ማርሾች ብዙ ሳይለወጡ ያገለግላሉ። የጎማው ዲያሜትር 150 ሚሊሜትር፣ የማርሾቹ ጠቅላላ ንጽጽር 15 ለ1 ቢሆን፣ በሒሳብ የሚወጣው ፍጥነት በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጭነት ሲኖርበት ከዚህ ይቀንሳል። ያንኑ ሞተር በባለ ስድስት ሴል ባትሪ ቢያገናኙት ሒሳቡ ወደ 92 ኪሎ ሜትር ይዘላል፣ ጎማው በዙሩ ብዛት ይለጠጣል፣ የፕላስቲክ ማርሾች ይቀልጣሉ። ቮልት ከፍ ማድረግ መልካም የሚሆነው ኬቪው አብሮ ዝቅ ሲል ነው። በ22.2 ቮልት 1,450 ኬቪ አካባቢ ያለው ሞተር ያንኑ 61 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ 1,480 ዋት ለማግኘትም 100 አምፒር ሳይሆን 67 አምፒር ያህል ይበቃዋል። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ከአምፒሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ብክነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የአየር ጉዞው ገደብና የሙቀቱ ሒሳብ እዚህ ላይ ይጋጫሉ። ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ተገቢው ምርጫ ባለ አራት ሴል ይመስላል፤ ሲያልቅ የሚተካ ባትሪ ማግኘት ከጥቂት ዲግሪ ቅዝቃዜ ይበልጣልና።

ስለ አየሩ የተባለው ሁሉ ለኤሌክትሪክ ብቻ የሚያደላ እንዳይመስል መነገር ያለበት ነገር አለ። ሳስቶ የናይትሮውን ጉልበት የሚቀንሰው አየር የኤሌክትሪኩንም ሞተር በደንብ አያቀዘቅዝም። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር ክብደት በዚያው 20 በመቶ ያንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ያለ ችግር የሚሠራ ማርሽ ለቡ ላይ ሞተሩን ሊያግል ይችላል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ ፒኞኑን በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ማሳነስ፣ የሞተሩን ሙቀት ከ80 ዲግሪ በታች መጠበቅ። ክረምት ሲገባ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሆናል። የደቡብ አዲስ አበባ መረሬ አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ መኪናውን ያከብዳል፣ አምፒሩን ይሰቅላል። ከጭቃው ይልቅ የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ለሞተሩ ይቀለዋል፤ ሞላውን ግን ይፈትናል። ዲፈረንሻሉና የኃይል አስተላላፊ ዘንጎቹም የተሠሩት ጉልበቱ ቀስ እያለ ለሚመጣ ሞተር ነው። የኤሌክትሪኩ ጉልበት በቅጽበት ስለሚመጣ፣ በመቆጣጠሪያው ላይ ያለውን የአነሣሥ ኃይል መቀነስ ያልፈለገ ሰው ማርሽ መግዛት ይለመድበታል።

የጽናት ጥያቄም ይነሣል፤ ነዳጅ በክብደቱ ልክ ከባትሪ እጅግ የበለጠ ኃይል ይይዛል ይባላል። በቁጥር እንየው። 125 ሲሲ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ነዳጅ የሙቀት ኃይሉ በግምት 470 ዋት-ሰዓት ነው፣ ባትሪው ደግሞ 74። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም ሁለቱም መኪናውን የሚያስኬዱት ለሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። ምክንያቱም ትንሿ የናይትሮ ሞተር አብዛኛውን ኃይል በሙቀትና ባልተቃጠለ ነዳጅ መልክ በማርሚታው ስታስወጣው፣ ብራሽለስ ሞተር ከተቀበለው 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። 74 ዋት-ሰዓት ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ያውም አገሪቱ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውሃ የምታገኝ ናት። መብራት ሲጠፋስ? ባትሪ አስቀድሞ ሊሞላ ይችላል፣ ብዙዎቹ የሞዴል ቻርጀሮችም ከመኪና ባትሪ 12 ቮልት ይቀበላሉ። ነዳጅ ሲጠፋ ግን የሚያማክሩት ሶኬት የለም።

የእሳት ሥጋት ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ነው፤ ሊቃለልም አይገባም። የተወጋ፣ ያበጠ ወይም ከ4.2 ቮልት በላይ በየሴሉ የተሞላ ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ይቀጣጠላል፤ በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ደግሞ እሳት የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ፣ ሰው ባለበት መሙላት፣ ሴሉ ከ3 ቮልት በታች እንዳይወርድ መጠበቅ፣ ለሳምንታት ሲቀመጥ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ መተው የግድ ነው። የሚተካው ነገርም ደኅና አይደለም። ሜታኖል ሲቃጠል ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ሕፃናት ባሉበት ቤት የትኛው ይሻላል ቢባል፣ ጥንቃቄው በጥቂት ደንቦች የሚያልቀው ባትሪ ይሻላል። ድምፁንና ጭሱን የሚወዱ፣ መርፌ ማስተካከልን እንደ ሙያ የሚያዩ ሰዎች የሚያጡት ነገር መኖሩ አይካድም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን በብሎኮች መካከል በደቂቃ 30,000 ዙር የሚጮህ ሞተር የጎረቤት ጉዳይም ነው።

ወጪው የሚያዋጣው ናይትሮ መኪናው አስቀድሞ ቤት ውስጥ ላለው ነው። ከባዶ የሚጀምር ሰው በፋብሪካ የተሠራ የኤሌክትሪክ ትራክ ቢገዛ ይቀለዋል፤ ሞተር፣ መቆጣጠሪያ፣ ባትሪና ቻርጀር ለየብቻ ሲገዙ ከሙሉ መኪና ሊወደዱ ይችላሉ። ቅያሪው ሌላ ጥቅም የሚሰጠው በትምህርት ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ጋራዦች ከማያውቁት ዓይነት መኪና ጋር ተገናኝተዋል። በሺህ ዋት የሚለካው ሞዴልና ትልቁ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ የሚሠሩበት መርሕ አንድ ነው፦ ሴሎቹ የሚመጣጠኑበት ባትሪ፣ ቀጥታ ፍሰትን ወደ ሦስት ፌዝ የሚቀይር መቆጣጠሪያ፣ በመሽከርከሪያው ላይ ማግኔት ያለው ሞተር። በክፍለ ከተማው እንደሚገኘው ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ያሉ ተቋማት ሠልጣኞቻቸውን አደገኛ በሆነው በ400 ቮልት ባትሪ ከማስጀመር ይልቅ በ14.8 ቮልት ሞዴል ላይ ፒኞን እያስለወጡ፣ አምፒርና ሙቀት እያስለኩ፣ ማርሽ በአንድ ጥርስ ሲያንስ ሞተሩ በስንት ዲግሪ እንደሚቀዘቅዝ እያስመዘገቡ ቢያስጀምሯቸው፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃው መሣሪያ ዋት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያና አንድ አሮጌ ሻሲ ነው።