ሽሮና ዲግሪ፦ ስድስት ኪሎ ምሳውን የት በላ?

አዲስ ተማሪ ስድስት ኪሎ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤተ መጻሕፍቱ የት እንደሆነ አይደለም። (ወላጆች ቢያዝኑም እውነቱ ይኸው ነው።) ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፍቶ፣ የካፌውን የመጀመሪያ እራት ቀምሶ፣ ወደ አንዱ ሲኒየር ጠጋ ይልና «እዚህ አካባቢ ጥሩ ምግብ ቤት የት ነው?» ይላል። ሲኒየሩም ትልቅ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ዙሪያውን አይቶ «በበሩ ውጣ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን እለፍ፣ ስም የሌለው የቆርቆሮ በር ታገኛለህ» ይለዋል።

እኛም እንዲሁ ተነግሮን ነው የበላነው። አንድ ቀን ግን «እኛስ ዓይን የለንም እንዴ?» ብለን ራሳችን መረጥን። መስታወት በመስታወት የሆነ፣ የምግብ ዝርዝሩ በፎቶ ያሸበረቀ ቤት ገባን። የመጣልን ሽሮ ከላይ ትኩስ፣ ከሥር ቀዝቃዛ ነበር። ሂሳቡ ግን ከላይም ከሥርም ያቃጥላል!

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም። እነዚያ ስም የለሽ ቤቶች ከየት መጡ? ለምንስ ግቢ ባለበት ሁሉ ይበቅላሉ? መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው የወጥ ታሪክ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን የሚያበላበትን መንገድ በለወጠ ቁጥር፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ድስት ወይ ይበዛል ወይ ይቀዘቅዛል።

ከሥሩ እንጀምር። በ1943 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። ተማሪ አዳሪ ነው፤ በሰዓቱ ይነሳል፣ በሰዓቱ ይበላል። ለ33 ሰው ብሎ ድስት የሚጥድ ጎረቤት ደግሞ አይኖርም። እርግጥ ፒያሳ ወረድ ቢሉ ከጣሊያኖች ዘመን የተረፈ የቡናና የፓስታ ባህል ነበር። ካስቴሊም የዚያው ባህል ልጅ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቤት ለባለሥልጣንና ለነጋዴ እንጂ ለተማሪ ኪስ የታሰበ አልነበረም።

ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ። በሙከራው ማብቂያ ሹማምንት የተረሸኑበት ግቢ በ1954 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሆነ። ተማሪው በዛ። በልቶ ዝም የሚልም አልሆነም፤ በኮሌጅ ቀን በሚያነባቸው ግጥሞች መንግሥትን መጎንተል ጀመረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዳሪነቱ ሥርዓት እንዲቀር ተደረገ። አንዱ ምክንያት ወጪው ነው። አብሮ የሚበላና አብሮ የሚያድር ተማሪ አብሮ ያምፃልና ይበተን የሚል ስሌትም እንደነበረበት ይነገራል።

ተማሪው ተበተነ፤ ግን ወዴት? ወደ ከተማው! ቤት ተከራየ፣ ከሰፈር ሰው ጋር ኖረ፣ ምሳውን ከቀን ሠራተኛና ከጸሐፊ ጎን ተቀምጦ በላ። በግንቦት 1958 ዓ.ም ደግሞ ይኸው ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተለቅመው ሾላ መጠለያ ስለታጎሩት ድሆች «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» እያለ ሰልፍ ወጣ። ሁለቱን ነገሮች በገመድ አስረን አንዱ ሌላውን ወለደ አንልም። ነገር ግን ችግረኛን በመጽሐፍ ብቻ ማወቅና አንድ ጠረጴዛ ላይ አብሮ መብላት ልዩነት እንዳለው እናምናለን። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ?

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ሲዘምቱ ግቢው ባዶ ቀረ። ከዘመቻ ሲመለሱ የጠበቃቸው ቀይ ሽብር ነበር። አምስት ሆኖ አንድ ትሪ መክበብ በራሱ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ! የተማሪ ምግብ ቤት እንዲህ ያለውን ዘመን የሚመዘግበው በባዶ ወንበር ነው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም ግጭት ተማሪው ግቢውን ጥሎ ሲወጣ፣ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሲሸኙም እንዲሁ። ተማሪ ሲበተን የዱቤ ደብተሩም አብሮ ይበተናል። የዱቤን ነገር የፖለቲካ ታሪክ መጻሕፍት አይጽፉትም፤ ድስት የጣደችው ሴት ግን ታውቀዋለች።

ዛሬ የምናውቃቸው ቤቶች የበዙት ግን በሌላ ምክንያት ነው። በ1996 ዓ.ም የወጪ መጋራት ሥርዓት ተጀመረ። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ ከምግቡና ከመኝታው ደግሞ ሙሉውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንዲከፍል ውል ይፈርማል። በዚህም «ነን ካፌ» የሚባል ዜጋ ተበራከተ፤ የግቢውን ምግብ ትቶ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበል ተማሪ ማለት ነው። ነን ካፌው በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ይዞ በበሩ ይወጣል። ከበሩ ውጭ ደግሞ ከጓዳዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር አውጥታ ሽሮ የምትሠራ እናት ትጠብቀዋለች። እሱ «ማዘር» ይላታል፣ እሷ «ልጄ» ትለዋለች፣ ወር ሲጋመስ ደብተሩ ይወጣል። ስም የለሹ ምግብ ቤት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው!

ሂሳቡ ግን ከጊዜ ጋር አልሄደም። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለዓመታት 15 ብር ነበር። በኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ። መቶ ብር ለሦስት ሲካፈል በአንድ ማዕድ 33 ብር ከምናምን ሳንቲም ነው። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ገንዘብ የት እንደሚበላ ካወቅህ ለእኛም ንገረን። ክፍተቱን ለብዙ ዓመታት የሞሉት እነዚያ ቤቶች ናቸው፤ ጓዳው የራሳቸው ወይም ርካሽ የቀበሌ ቤት ስለሆነ ኪራይ አያንቃቸውም ነበር።

ስጋታችንም እዚህ ላይ ነው። በ2000ዎቹ ከአራት ኪሎ ጀርባ የነበሩት የባሻ ወልዴ ችሎት ቤቶች ፈረሱ። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉ መንደሮችን አነሳ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ፤ ይህን አንክድም። የሰፈሩ ሰው ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ ቦታ ያገኝ ይሆናል። ድስቷን ይዛ ከተማ ዳር የወጣችው ማዘር ግን ደንበኛዋ የቀረው እዚህ ነው። በሰፋው መንገድ ዳር የሚከፈተውን ባለ መስታወት ቤት ኪራይ ደግሞ ከሽሮ በሚገኝ ትርፍ መክፈል አይቻልም። ተማሪ በርካሽ የሚበላበት ሰፈር በፕላን አልተሠራም፤ በፕላን ግን ሊጠፋ ይችላል።

ለማንኛውም ምሳ ሰዓት ደርሷልና ከዚህ ሁሉ ታሪክ የተማርነውን እናካፍል። መጀመሪያ፣ ምልክቱን ሳይሆን ሰዓቱን ተመልከት፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪ፣ ዘበኛና የታክሲ ረዳት ተቀላቅለው ከተቀመጡ ግባ። ሁለተኛ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሂድና ሽሮ እዘዝ፤ በጾም ቀን ሽሮ የማይሆንለት ቤት በፍስክ ቀን ቅቤ ነው የሚያድነው። ሦስተኛ፣ ከጓደኞችህ ሙስሊምም ክርስቲያንም ካለ ሁሉም አንድ ላይ የሚቀመጡበትን ምረጥ፤ ተማሪን የሚያውቅ ቤት ይህንንም ያውቃል። አራተኛው ዋናው ነው፤ ደብተር መኖሩን አጣራ። ዱቤ የምትሰጥ ማዘር ነገም እንድትመለስ ትፈልጋለች፣ ስለዚህ የዛሬውን ወጥ አታበላሽም።

ስትመረቅ ደግሞ ጋውንህን ለብሰህ ፎቶ ከመነሳትህ በፊት በቆርቆሮው በር ግባና ሂሳብህን ዝጋ። የመንግሥቱ ዕዳ ከደመወዝህ ይቆረጣል፤ የማዘርን ግን ካንተ በቀር የሚከፍል የለም።