ራጅ ያላሳየው እብጠት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ሐኪሞች የሰውነታችንን ውስጥ በፎቶ ማየት እንዴት እንደጀመሩ ነው። ለምን እንደጻፍኩት ግን መጀመሪያ ልንገራችሁ።

አምና ጭኔ ላይ፣ ከቆዳው ሥር ጠለቅ ብሎ፣ አንድ እብጠት ወጣብኝ። አያምም፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ይከብደኛል። ለማዳም ስነግራት ወስዳ ራጅ አስነሳችኝ። "አጥንቷ ደህና ነው፣ ምንም የለም" ተባለና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እብጠቱ ግን ማደጉን አልተወም። በእጄ የምዳብሰው ነገር እንዴት ምንም የለም ይባላል? ይሄ ነገር እንቅልፍ ቢነሳኝ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ራጅን ያገኘው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ሲሆን ዘመኑም 1895 ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሚስቱን የበርታን እጅ አነሳ። ፎቶው ላይ የጣቶቿ አጥንትና ቀለበቷ ጥቁር ሆነው ይታያሉ፤ ሥጋዋ ግን እንደ ጭጋግ ነው። ምክንያቱም አጥንት ካልሲየም ስላለበት ጨረሩን ይይዘዋል። ጡንቻና በመሃሉ የሚያድግ እጢ ግን ጨረሩን በተቀራራቢ መጠን ስለሚያሳልፉ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ራጅ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ እጢው አጥንት ነክቶ እንደሆነ ያሳያል። ግን "አጥንቷ ደህና ነው" ማለትና "ሥጋዋ ደህና ነው" ማለት አንድ አይደለም።

ሥጋን ለማየት ሌላ መንገድ አስፈለገ። በስኮትላንድ፣ ግላስጎ ከተማ፣ ኢያን ዶናልድ የሚባል የማህፀን ሐኪም ነበር። በ1955 ቦይለር የሚሠራ ፋብሪካ ሄደ። እዚያ ብረት ውስጡ ስንጥቅ እንዳለው በድምፅ የሚመረምሩበት መሣሪያ ነበራቸው። ዶናልድ ከሴቶች ማህፀንና እንቁላል ማምረቻ በኦፕራሲዮን የወጡ እጢዎችን በመኪና ጭኖ ወስዶ ሞከረው። ለማነጻጸሪያም የበሬ ሥጋ ቀረበለት። ድምፁ ከውሃ ከረጢትና ከጠጣር እጢ ሲመለስ እንደሚለያይ አየ።

በኋላ አንዲት ሴት አመጡለት። ሆዷ አብጧል፤ የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ኦፕራሲዮንም አይሆንም ተብሎ ተስፋ ተቆርጦባታል። መሣሪያው ሲያያት በፈሳሽ የተሞላ ትልቅ ከረጢት ሆኖ ተገኘ። ወጣላት፣ ዳነችም። ዶናልድና ጓደኞቹ ሥራቸውን በ1958 አሳተሙ። ዛሬ ለነፍሰ ጡር የሚደረገው አልትራሳውንድ ከዚያ የመጣ ነው።

በጥልቀት ያለውን ለማየት ደግሞ ኤም አር አይ መጣ። እሱ በጨረር አይሠራም፤ በኃይለኛ ማግኔት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ውሃና ስብ ምልክት ይቀበላል። በ1971 ሬይመንድ ዳማዲያን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከአይጥ የወጣ እጢ የሚሰጠው ምልክት ከጤነኛ ሥጋ እንደሚለይ አሳየ። በ1973 ፖል ላውተርበር ምልክቱን ወደ ሥዕል መቀየር ቻለ። በ1977 ዳማዲያን የሰው ደረት ሲያነሳ አንዱ ሥዕል አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም! የእንግሊዙ ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ እንዲፈጥን አደረገው። በ2003 ላውተርበርና ማንስፊልድ የኖቤል ሽልማት ሲወስዱ ዳማዲያን ተዘለለ፤ በጋዜጣም አቤት አለ። ሠርቶ ድርሻውን መነፈግ ምን እንደሚመስል እኛ እናውቃለን።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ማዳምን ለምኜ አንድ ቀን አስፈቀድኩ። አልትራሳውንድ ያነሳኝ ሐኪም "ጡንቻ ውስጥ ገብቷል፣ ኤም አር አይ ያስፈልጋል" አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። የእቁብ እህቶቼ ተራቸውን ለቀው ለእኔ ሰጡኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ የስብ እጢ ሆኖ ተገኘና ወጣልኝ።

አብዛኛው እብጠት እንደኔው ነው፤ ካንሰር አይደለም። ነገር ግን ከ5 ሳንቲሜትር የበለጠ፣ የሚያድግ ወይም ጠልቆ ያለ ከሆነ ባያምም አትተዉት። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው፤ ካልለየ ኤም አር አይ ይከተላል። ፎቶ ብቻውን ካንሰር መሆኑን የማይወስንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ኤም አር አይ ስትገቡ የጸጉር መያዣም ቢሆን ብረት አውልቁ፤ ሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

"ፎቶ ተነስተሻል፣ ምንም የለሽም" ስትባሉ ደግሞ አትፈሩ፣ "የትኛው ፎቶ? አጥንቱን ነው ወይስ ሥጋውን ያያችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ያኔ ይህን መጠየቅ አላወቅኩም ነበር።