በማዕበል ጊዜ መርከብ በመርከብ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፤ የኃላፊነትና የመድን ቃላት ታሪክ

የባሕርን ንግድ የሚመለከቱ የሕግና የመድን ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ይበልጥ የሚያስቸግሩት ብርቅ የሆኑት የመርከብ ቃላት ሳይሆኑ «አደጋ»፣ «ጉዳት»፣ «ጥፋት»ና «ግጭት» የሚባሉት፣ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። በዕለታዊ ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ሰሚው አይቸገርም። በማዕበል ተገፍቶ ሌላውን ስለ ሰበረ መርከብ በሚጻፍ ውል ውስጥ ግን የአንዱ በሌላው መተካት ዕዳውን ከአንዱ ባለንብረት አንሥቶ በሌላው ላይ ይጥላል። ስለዚህ የቃላቱን ፍቺ ከመወሰናችን በፊት የሚሸከሙት ሐሳብ እንዴት እንደ ተፈጠረ መመልከቱን መርጠናል።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ በዩስጢንያኖስ ትእዛዝ ተጠናቅሮ በ533 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በታወጀው ዲጄስታ በተባለው የሮማውያን የሕግ መድበል ውስጥ፣ የአኲሊያ ሕግ ስለሚባለው የጉዳት ካሣ ሕግ በሚናገረው ክፍል፣ ሊቁ ኡልጲያኖስ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሊቃውንት አስተያየት እየጠቀሰ ሦስት ጉዳዮችን አከታትሎ ያቀርባል። በመጀመሪያው፣ መርከብህ ጀልባዬን ቢገጭና ባሕረኞቹ ግጭቱን ለማስቀረት እየቻሉ በጥፋታቸው ሳያስቀሩት ቢቀሩ ክስ ይቀርባል፤ ገመድ ተበጥሶ ወይም መርከቡን የሚገዛው ሰው ሳይኖር የሆነ እንደ ሆነ ግን ባለመርከቡ አይከሰስም። በሁለተኛው፣ ነፋስ የገፋው መርከብ በሌላው መርከብ የመልሕቅ ገመዶች ውስጥ ቢጠላለፍና ባሕረኞቹ ገመዶቹን ቢቈርጡ፣ ከመቍረጥ በቀር ሌላ መውጫ ያልነበራቸው ከሆነ ላቤዎ የተባለው ሊቅ ክሱን ይከለክላል። በሦስተኛው፣ ሊገዙት የማይቻል ታላቅ ኃይል መርከቡን ይዞት ሌላውን ቢያሰጥም ባለቤቱ አይጠየቅም፤ ባሕረኞቹ ካጠፉ ግን ሕጉ ይበቃል።

በሦስቱም ጉዳዮች መለኪያው ላቲኖች «ኩልፓ» ያሉት ነገር ነው። እኛ «ጥፋት» እንለዋለን፤ ይህም በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወዲህ የጸና አጠራር ሆኗል። ይሁን እንጂ «ጠፋ» ከሚለው ግስ የተገኘው ይህ ስም በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። «ሰውየው ጥፋት ሠራ» ስንል በደልን፣ «በከተማው ላይ ጥፋት ደረሰ» ስንል ውድመትን እናመለክታለን። «ማዕበሉ በወደቡ ላይ ጥፋት አደረሰ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጥሩ አማርኛ ነው፤ በሮማዊው ሊቅ ጆሮ ግን ትርጕም የለሽ በሆነ ነበር፤ ማዕበል አይበድልምና። ስለዚህ በሕግ ትርጕም «ጥፋት» ለሰው ሥራ ብቻ እንዲቈይ፣ የማዕበሉ ሥራ ውጤት «ጉዳት» እንዲባል እናሳስባለን።

በዚያው ዲጄስታ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ የሮዶስ ሕግ የሚባል ርእስ አለ። መርከብን ለማቅለል ጭነት ወደ ባሕር ሲጣል፣ ስለ ሁሉ የተሠዋው በሁሉ መዋጮ ይተካል የሚል ነው። የአማርኛ አንባቢ ጭነትን ወደ ባሕር መጣልን ከትንቢተ ዮናስና ከሐዋርያት ሥራ ያውቀዋል፤ ከተጣለ በኋላ የሚመጣውን ሒሳብ ግን መጽሐፍ ቅዱስ አያነሣውም። ይህ መዋጮ በኢጣልያንኛ «አቫሪያ» ከሚለው ቃል ጋር ተያይዟል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ቃሉ የመጣው ጕድለትን፣ ነውርን፣ በዕቃ ላይ የደረሰ ብልሽትን ከሚያመለክተው «ዐዋር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ዐረብኛው ደግሞ ዐይን ለጠፋበት ሰው ከሚነገረው ሥር የወጣ በመሆኑ ከግዕዙ «ዖረ»ና ከእኛው «ዕውር» ጋር ይዛመዳል። ዝምድናው ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ቃል ለመፍጠር አያገለግልም፤ «የዕውር ሒሳብ» ብንል የሚገባው የለም። «የጋራ ኪሳራ» ማለቱ ይሻላል፤ ከኃላፊነት ጋር እንዳይደባለቅ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በጋራ ኪሳራ የሚከፍለው ሰው የከሠረውን ይካፈላል እንጂ ስለ በደለ አይከፍልም።

በመስከረም 1910 (እ.ኤ.አ.) በብራስልስ የተፈረመው የመርከቦች ግጭት ስምምነት የጥንቱን ሐሳብ ለብዙ መንግሥታት አንድ ወጥ አደረገው። ከአንዱ ጥፋት የመጣውን ጉዳት ጥፋተኛው ይክሳል፤ ጥፋቱ የሁለቱም ከሆነ በየጥፋታቸው መጠን ይካፈላሉ። ግጭቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል ከመጣ፣ ወይም ምክንያቱ አጠራጣሪ ከሆነ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጉዳት ይችላል፤ ከመርከቦቹ አንዱ ወይም ሁለቱ በመልሕቅ ቆመው የነበሩ ቢሆንም እንኳ እንዲሁ ነው። ሦስቱ ምክንያቶች በ«ወይም» ተለያይተው መቀመጣቸውን ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «ከዐቅም በላይ» በሚል አንድ ሐረግ የሚጠቀልል ተርጓሚ ከሕጉ አንዱን በር ይዘጋል። «ድንገተኛ» የሚለውም ቃል በግድ እንጂ በምርጫ አልገባም። አስቀድሞ የተነገረለት ዐውሎ ድንገተኛ አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀውም ነፋሱ በድንገት መምጣቱን ሳይሆን ጠንቃቃ ባሕረኛ ግጭቱን ሊያስቀረው ይችል እንደ ነበረ ነው።

የማስረዳቱ ሸክም በየአገሩ ይለያያል። ስምምነቱ ጥፋትን አስቀድሞ የመገመትን ሥርዓት ሲሽር፣ የስምምነቱ ተካፋይ ያልሆነችው አሜሪካ ግን ከመልሕቁ ተላቆ በመንሳፈፍ ሌላውን የገጨ መርከብ ሊያስቀረው በማይችለው ኃይል መሆኑን ካላስረዳ ጥፋተኛ ነው የሚለውን ግምት ይዛ ቈይታለች። እዚያ ከከባድ ዐውሎ በኋላ ክርክሩ ስለ ነፋሱ ብርታት ከመሆን ይልቅ፣ ባለጀልባው ትንበያውን ሰምቶ ገመዱን ደርቦ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ያርፋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በሚኒሶታ ግዛት በዱሉዝ ወደብ የሆነው ነው። በኅዳር 1905 (እ.ኤ.አ.) ሬኖልድስ የተባለው የእንፋሎት መርከብ ጭነቱን አራግፎ ሳለ ብርቱ ዐውሎ ተነሣ። ከወደቡ ለመውጣት አይቻልም ነበርና መርከበኞቹ በመድረኩ ላይ ታስረው ቈዩ፤ ገመዱ ሲሳሳ ወይም ሲበጠስ በሌላ እየተኩ አጠበቁት። ማዕበሉም መርከቡን ከመድረኩ ጋር እያላተመ መድረኩን ጐዳው፤ ጉዳቱ 500 ዶላር ተገመተ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1910 ሲፈርድ ካፒቴኑ የሠራው ብልኅ ሥራ መሆኑን አልካደም፤ ሆኖም መርከቡን በሌላው ሰው ንብረት ኪሳራ ሆን ብሎ ያዳነ ባለመርከብ ይክፈል አለ። ገመዱ በራሱ ተበጥሶ ነፋሱ መርከቡን ከመድረኩ ጋር ቢያላትመው ኖሮ ግን ኃላፊነት ባልኖረም ነበር። ላቤዎ ገመድ የቈረጠውን ነጻ አወጣ፤ ይህ ፍርድ ቤት ገመድ ያሰረውን አስከፈለ። ሁለቱም ጥፋተኞች አልነበሩም። እንግዲህ «ኃላፊነት» ያለ «ጥፋት» ሊኖር ስለሚችል፣ በመዝገበ ቃላት አንዱን በሌላው መፍታት አይገባም።

ወደ መድን እንለፍ። ከታወቁት የባሕር መድን ውሎች ጥንታዊው በ1347 (እ.ኤ.አ.) በጄኖቫ የተጻፈው እንደ ሆነ ይነገራል። የባሕር መድን ለብዙ ዘመን የሚጠብቀው የገዛ መርከብንና የገዛ ጭነትን ነበር። በ1836 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት፣ መርከብ በግጭት ምክንያት ለሌላው የሚከፍለው ዕዳ «የባሕር አደጋ» አይደለም፤ ዕዳው ከሕግ እንጂ ከባሕር አልመጣም ብሎ ወሰነ። ከዚህ በኋላ መድን ሰጪዎች ከግጭት ዕዳ ሦስት አራተኛውን የሚሸፍን ልዩ አንቀጽ መጨመር እየተለመደ ሄደ፤ ባለቤቱ ቸልተኛ እንዳይሆን አንድ አራተኛው በራሱ ላይ ቀረ። ባለመርከቦችም ለቀረው ከ1855 ጀምሮ የመረዳጃ ማኅበራትን አቋቋሙ።

የእኛ ሰው «የሦስተኛ ወገን መድን» የሚለውን ሐረግ ከተሽከርካሪ ያውቀዋል። «መድን» የሚለው ቃልም በ1968 ዓ.ም. በተቋቋመው በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ስም ጸንቷል፤ ምንም እንኳ «ኢንሹራንስ» ገበያውን ባይለቅም። አደገኛው ነገር የሚከተለው ነው። የኃላፊነት መድን የሚከፍለው መድን የገባው ሰው በሕግ ኃላፊ ሆኖ ሲገኝ ነው። ተርጓሚው «መርከቡ በሌላው ላይ ጉዳት ሲያደርስ ይከፈላል» ብሎ ከጻፈ፣ ጀልባው በማዕበል በተገፋ የጎረቤት ጀልባ የተሰበረበት ሰው ካሣውን ከጎረቤቱ መድን ሰጪ ይጠብቃል፤ ለገዛ ጀልባው መድን መግባቱንም ይተዋል። ጥፋት የለም ሲባል ባዶ እጁን ይቀራል።

የቀረን «ግጭት» ነው። «ተጋጩ» የሚለው ግስ ሁለቱም ተንቀሳቅሰው የተገናኙ ያስመስላል፤ በመልሕቅ የቆመውን መርከብ ከጥፋቱ ያካፍለዋል። «ገጨው» ደግሞ በተቃራኒው ተገፊውን መርከብ ገና ሳይፈረድበት አድራጊ ያደርገዋል። ስሙ፣ «ግጭት»፣ ስለ አድራጊው ዝም ስለሚል በሕጉ ርእስ ላይ ይቈይ፤ በሁኔታው መግለጫ ግን «በማዕበል ተገፍቶ፣ በመልሕቅ ከቆመው መርከብ ላይ ዐረፈ» የመሰለ ዘርዘር ያለ አነጋገር እንመርጣለን። ማርዘሙ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ዳኛው የሚፈርደው ከእርሱ ነው፤ መድን ሰጪውም የሚያነበው እርሱን ነው።