ስኒፔት፦ ቅንጭብ ኮድ

ስኒፔት አንድ ውስን ሥራ የሚሠራ፣ ከአንዱ ፕሮግራም ተወስዶ ሌላው ውስጥ የሚገባ አጭር ኮድ ነው። ከመጽሐፍ ወይም ከንግግር ተቆርጦ የሚቀርበውን «ቅንጫቢ» ስለምንል «ቅንጭብ ኮድ» ቢባል ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። ከላይብረሪ ይለያል፤ ላይብረሪን ባለቤቶቹ ያድሱታል፣ ቅንጭብ ኮድን ግን የገለበጠው ሰው ራሱ ይጠብቀዋል።

አዳማ ውስጥ ለክሊኒክ የካርድ ክፍል ዳታቤዝ የሚሠራ ፕሮግራመር በቶሎ የሚያስፈልገው የፊደል ማቀራረቢያ ነው። ኃይሉ የሚለው ስም ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሓይሉ፣ ኀይሉ ተብሎም ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ስላገኘ፣ ለኮምፒውተሩ እነዚህ ስድስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በ«ኃ» የተመዘገበ ታካሚ በ«ሀ» ሲፈለግ ይጠፋል፤ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ ሐኪሙም የቀድሞ ሕክምናውን ሳያይ መድኃኒት ያዛል። ቅንጭብ ኮዱ ስድስቱንም ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» እስከ ሳብዕ ድረስ ይመልሳል። ጥቂት መስመሮች ሲጨመሩበት ናዝሬትን ከአዳማ፣ ደብረ ዘይትን ከቢሾፍቱ፣ ዝዋይን ከባቱ ጋር ያገናኛል።

ኮዱ ግን ያለ ማስታወሻ ጎዶሎ ነው። ከአናቱ እንዲህ ሊጻፍበት ይገባል፦ «ለፍለጋ ብቻ። ዋናውን ስም አትንካ፤ ውጤቱን በሌላ ዓምድ አስቀምጥ። በቁቤ የተጻፈ ስም ላይ አይሠራም።» ይህ ካልተጻፈ፣ ተረካቢው የሰዎችን ስም ራሱ መዝገቡ ላይ ሊቀይር ይችላል። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ነውና ልዩነቱ አንዴ ከተደመሰሰ ኮዱ መልሶ አያመጣውም።

ለሲስተም አድሚንም ያው ነው። ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ ከተፈለገ፣ በዩቲሲ በሚሄድ ሰርቨር ላይ የሚጻፈው የዋዜማው 23፡00 ነው። ኢትዮጵያ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በአገራችን አቆጣጠርና በዓለም አቀፉ መካከል ደግሞ የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ምክንያቱ አጠገቡ ካልሰፈረ፣ አዲስ የመጣ ባለሙያ ስህተት መስሎት 23ን በ8 ይተካዋል። ያኔ ባክአፑ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ፣ ሲስተሙን ያንቀራፍፈዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቅንጭብ ኮድ ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደተጻፈ፣ የት እንደተሞከረ፣ የት እንደማይሠራና መቼ እንደተሻሻለ አብሮ ይጻፍ። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየኮሌጁ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምሩ መምህራን ኮዱን ሲያርሙ ለማስታወሻውም ነጥብ ቢሰጡ፣ ተማሪው ልማዱን ይዞ ሥራ ይገባል።