ሐኪም ቤት ስትሄዱ፦ አማርኛና ዐረብኛ የሚጋሯቸው የሕክምና ቃላት

ካርቱም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ዐረብኛ በደንብ ሳይችል እንኳ ሐኪም ቤት ውስጥ «ደም»፣ «ዐይን»፣ «ራስ» ሲባል ይገባዋል። አማርኛና ዐረብኛ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው። ብዙው ቃላቸው የሚሠራው ከሦስት ተነባቢዎች ሲሆን እነዚህ ሥር ይባላሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ከፈነዳ ወዲህ ብዙዎቻችን ወደ ሌላ ከተማና ወደ ካምፕ ተበትነናል፤ ክሊኒኩ ግን ዛሬም የሚያናግረን በዐረብኛ ነው። ሥሩ አንድ ሆኖ ትርጉሙ የሚለያይበት ቦታ ስላለ ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል።

የማያሳስቱ ቃላት፦ ደም፣ ዐይንና ራስ እንዳሉ ናቸው። «ፈሕስ ደም» ካሏችሁ የደም ምርመራ ነው። ኩላሊት «ኩልያ» ይባላል። ግዕዝ የሰማ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል፦ አንፍ (አፍንጫ) «አንፍ»፣ እዝን (ጆሮ) «ኡዝን»፣ ልሳን (ምላስ) «ሊሳን»፣ ዐፅም (አጥንት) «ዐዝም» ነው።

ወ-ለ-ደ፦ ወሊድ «ዊላዳ» ነው። ኦምዱርማን ያለው የታወቀው የወሊድ ሆስፒታል በዚሁ ቃል ይጠራል፤ ሰዉ ግን «ዳያት» ይለዋል፣ አዋላጆች ማለት ነው።

ነ-ፈ-ሰ፦ «ነፈስ» ትንፋሽ ነው፤ «ዲቅ ነፈስ» የትንፋሽ ማጠር። ነፍሰ ጡር ግን በዚህ ሥር አትጠራም፣ «ሓሚል» ናት። እህቶች፣ ማንኛውንም መድኃኒት ከመቀበላችሁ በፊት «አና ሓሚል» በሉ፤ ለፅንስ የማይሆን መድኃኒት አለ።

ሐ-መ-መ፦ እኛ ሕመም የምንለው ማንኛውንም በሽታ ነው፤ በዐረብኛ «ሑማ» ትኩሳት ብቻ ነው። ሆዱን የሚያመው ሰው «ሑማ» ካለ ሐኪሙ ትኩሳት ወይም ወባ ነው ብሎ ያስባል። ለሕመም «ወጀዕ» በሉ፤ ራስ ምታት «ወጀዕ ራስ» ነው።

ቀ-ለ-በ፦ በአማርኛ ቀልብ ሐሳብና ትኩረት ነው። በዐረብኛ ግን ደም የሚረጨው ልብ ራሱ ነው፤ ሱዳኖች ሲናገሩ «ገልብ» ይሉታል። «መረድ ቀልብ» የልብ በሽታ እንጂ የሐሳብ መበታተን አይደለም።

ሐ-ሰ-ሰ፦ ሕዋስ የምንለው «ሐዋስ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር አንድ ነው፣ የስሜት ሕዋሳት ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ሐሳሲያ» ይወጣል፣ አለርጂ። ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ «ዒንዲ ሐሳሲያ» ብላችሁ የመድኃኒቱን ስም ጨምሩ። ይህችን ዐረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፣ ሕይወት ታድናለች።

ሐ-ከ-መ፦ ሐኪም፣ ሕክምና፣ ታካሚ ሁሉም ከዚህ ናቸው። በዐረብኛ «ሐኪም» ጥበበኛም ሐኪምም ነው። ነገር ግን ከዚሁ ሥር «ሑክም» ፍርድ፣ «ሑኩማ» መንግሥት፣ «ማሕከማ» ደግሞ ፍርድ ቤት ነው! «ማሕከማ» የሚል ወረቀት ከደረሳችሁ የክሊኒክ ቀጠሮ መስሏችሁ አታስቀምጡት። ቀኑ ካለፈ በሌላችሁበት ሊፈረድ ይችላል፤ በዚያው ቀን ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ያንብብላችሁ።

ቃሉ ከጠፋባችሁ የሚያማችሁን ቦታ በጣት እያሳያችሁ «ወጀዕ ሂና» በሉ፣ እዚህ ጋ ያመኛል ማለት ነው።